የማይታዩ ቅንጣቶችን ፍለጋ «ጥንቆላ ነው» ላሉት የአዳማ ጸሐፊ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ አዳማ ውስጥ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ከረመ። እኔ ጋ የደረሰው በተማሪዎቼ በኩል ነው። አንዱ «ቲቸር፣ እውነት ነው እንዴ?» ብሎ ላከልኝ። ቀጥሎ ሌላው፣ ቀጥሎ ሌላው። ጸሐፊው የከተማችን ሰው ናቸው፤ በሙያቸው መሐንዲስ መሆናቸውንም ገልጸዋል። ብዕራቸው ይጣፍጣል፤ እየሳቅሁ ነው ያነበብኩት። ሐሳባቸው ግን ብዙ ቦታ ላይ ተሳስቷል፤ የክፍል ልጆቼ ደግሞ እያመኑት ነው። ስለዚህ ዝም ማለት አልሆነልኝም።

ጽሑፉን ላላነበበ ሰው ባጭሩ ልንገር። የፊዚክስ ተመራማሪዎች አንድ ቅንጣት ሲፈራርስ አንዳንዴ ምንም መሣሪያ ወደማይዛቸው ቅንጣቶች እንደሚለወጥ ያውቃሉ። ይህን አጋጣሚ እየቆጠሩ ከሚጠበቀው በላይ ሆኖ ካገኙት፣ እስከ ዛሬ የማናውቀው ነገር አለ ማለት ነው። ጸሐፊው ይህን ሥራ ጥንቆላ ብለውታል። አምስት ክስ አቅርበዋል፦ የማይታይ ነገር ሳይንስ ሊሆን አይችልም፤ «ጎደለ» የሚባለው ኢነርጂ የመሣሪያ ብልሽት ነው፤ ይህን ያህል ዘመን ተፈልጎ ምንም አልተገኘም፤ ገንዘቡ ባከነ፤ በመጨረሻም እኛን አይመለከተንም። በተራ እሄድባቸዋለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያው ልጀምር። ጸሐፊው አዳማ ተቀምጠው ስለማይታይ ነገር ሲጽፉ ነፋሱን መዝለል አልቻሉም። ማን ይችላል? ነፋስ ባይታይም ፊት ይመታል፣ አቧራ ያነሳል፣ የተሰጣ ልብስ ይዞ ይሄዳል ይላሉ። እነዚህ ቅንጣቶች ግን ምንም አይነኩም፤ ስለዚህ አሉ ማለት ዘበት ነው። ክርክሩ ይኸው ነው።

ምሳሌው ጥሩ ነው፤ የሚመሰክረው ግን ለእኔ ነው። ጸሐፊው መስኮቱ ግጥም ብሎ የተዘጋ ቢሮ ውስጥ ቁጭ ብለው ከከተማው ዳር ኮረብታው ላይ ያሉትን የነፋስ ተርባይኖች ቢያዩ፣ ፊታቸውን ምንም ሳይነካቸው ነፋስ መኖሩን ያውቃሉ። ተርባይኑ የሚያመነጨውን ኤሌክትሪክ የሚከታተል ባለሙያ ደግሞ የነፋሱን ፍጥነት ሳይቀር ገምቶ ይነግራቸዋል። አንድን ነገር ለማወቅ እሱን ራሱን መንካት ግድ አይደለም። የገፋውን ነገር በደንብ መለካት ይበቃል።

ፊዚክስ ውስጥ ይህ የተጀመረው ትናንት አይደለም። አንድ ኒውክለስ (የአቶም እምብርት) ኤሌክትሮን ተፍቶ ወደ ሌላ ኒውክለስ ሲለወጥ፣ ኤሌክትሮኑ ይዞት የሚወጣው ኢነርጂ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት መሆን ነበረበት። ጄምስ ቻድዊክ በ1914 ሲለካው ግን እንደዚያ አልሆነም። ኤሌክትሮኖቹ አንዴ ብዙ፣ አንዴ ጥቂት ይዘው ይወጣሉ። የቀረው የት ገባ? ነገሩ በጣም ከማስቸገሩ የተነሳ ታላቁ ኒልስ ቦር እንኳ የኢነርጂ ጥበቃ ሕግ ኒውክለስ ውስጥ ላይሠራ ይችላል እስከማለት ደርሶ ነበር።

ቮልፍጋንግ ፓውሊ ሌላ መንገድ መረጠ። በዲሴምበር 1930 ቱቢንገን ላይ ለተሰበሰቡ ባልደረቦቹ ደብዳቤ ጻፈ። ከኤሌክትሮኑ ጋር ቻርጅ የሌላት፣ ለመያዝ የምታስቸግር ሌላ ቅንጣት አብራ ትወጣለች፤ የጎደለውን የወሰደችው እሷ ናት አለ። (ስብሰባው ላይ ራሱ አልተገኘም። ዙሪክ ውስጥ የዳንስ ምሽት ነበረበት።) ኤንሪኮ ፌርሚ በ1934 ሙሉ ቲዎሪ አበጀላት። ከዚያም በ1956 ክላይድ ካዋን እና ፍሬድሪክ ሬይንስ አሜሪካ፣ ሳቫና ሪቨር ባለ የኒውክሌር ሪአክተር አጠገብ መሣሪያቸውን ተክለው ያቺን ቅንጣት፣ ኒውትሪኖ የተባለችውን፣ ያዟት። አያያዛቸው ደስ ይላል። ኒውትሪኖዋ ፕሮቶን ስትመታ ፖዚትሮን (ቻርጁ ተቃራኒ የሆነ የኤሌክትሮን መንትያ) እና ኒውትሮን ይወጣሉ። ፖዚትሮኑ ወዲያው ብልጭ ይላል። ኒውትሮኑ ደግሞ ጥቂት ማይክሮ ሰከንድ ቆይቶ በካድሚየም ሲዋጥ ሁለተኛ ብልጭታ ይሰጣል። ሁለቱ ብልጭታዎች በዚያ ቅደም ተከተል፣ በዚያ ርቀት ሲመጡ ሌላ ነገር ነው ማለት ይከብዳል። ፓውሊ ያኔ በሕይወት ነበር፤ ዜናውን በቴሌግራም ነገሩት።

ስለዚህ «የማይታይ ነገር ሳይንስ አይሆንም» የሚለው ክስ በ1930 ቢቀርብ ኖሮ ሊያከራክር ይችል ነበር። ዛሬ ግን ጊዜው አልፎበታል።

ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ግን ቀጥሎ የመጣው ነው። ጄኔቫ አጠገብ ባለው የአውሮፓ የቅንጣት ፊዚክስ ማዕከል፣ በሰርን፣ ከ1989 እስከ 2000 ሌፕ የሚባል ማፋጠኛ ይሠራ ነበር። 27 ኪሎ ሜትር ዙሪያ ባለው ዋሻ ውስጥ ኤሌክትሮንና ፖዚትሮን እያጋጨ ዚ ቦዞን የተባለውን ቅንጣት ያመርታል። አራት ዲቴክተሮች (ቅንጣት የሚመዘግቡ መሣሪያዎች) በድምሩ ወደ 17 ሚሊዮን የሚጠጋ የዚ መፈራረስ መዘገቡ። ዚ ከአምስት አንድ ጊዜ ገደማ ወደ ኒውትሪኖዎች ብቻ ይፈራርሳል፤ ያኔ ዲቴክተሩ ምንም አያይም። ታዲያ ያልታየው እንዴት ይቆጠራል?

ዘዴው እንዲህ ነው። አንድ ቅንጣት የሚፈራርስበት መንገድ በበዛ ቁጥር ዕድሜው ያጥራል። ዕድሜው ባጠረ ቁጥር ደግሞ የግጭቱን ኢነርጂ ቀስ በቀስ ሲጨምሩ የሚታየው ጉብታ ይሰፋል። የጉብታውን ስፋት ለካ። የሚታዩትን መፈራረሶች ድርሻ ቀንስ። የቀረው የማይታየው ነው። እሱን አንድ የኒውትሪኖ ዓይነት ብቻውን ሊሰጥ ለሚገባው ድርሻ ስታካፍለው ስንት ዓይነት ኒውትሪኖ እንዳለ ይነግርሃል። በ2006 የታተመው ውጤት 2.984 ነበር፤ ሲደመር ሲቀነስ 0.008። በኋላ ስሌቱ ሲስተካከል 2.996 ሆነ። ሦስት ማለት ነው። አራተኛ ቀላል ኒውትሪኖ እንደ ሦስቱ ከዚ ጋር የሚገናኝ ቢኖር ኖሮ ቁጥሩ 4 ይሆን ነበር። አንድም ኒውትሪኖ ሳይያዝ የኒውትሪኖ ዓይነቶች ተቆጠሩ። ይህን የሚያደርግ ጠንቋይ ካለ እኔም አድራሻውን እፈልጋለሁ።

ወደ ሁለተኛው ክስ ልለፍ። የጸሐፊው ጠንካራ ነጥብ ይህ ነው፤ ሰፋ አድርጌ የምሄድበትም ለዚህ ነው። የጎደለው ኢነርጂ የመሣሪያ ስህተት ሊሆን አይችልም ወይ? ይችላል። ደግሞም ሆኖ ያውቃል። ጸሐፊው የጠቀሱት የ2011ዱ «ከብርሃን የፈጠነ ኒውትሪኖ» ወሬ እውነት ነው። ኦፔራ የተባለው ሙከራ ኒውትሪኖዎቹ 60 ናኖ ሰከንድ ገደማ ቀድመው ደረሱ ብሎ ነበር፤ ዋናው ጥፋት በደንብ ያልገባ የፋይበር ኬብል ሆኖ ተገኘ። ከዚህ ሥራ ጋር ይበልጥ የሚቀራረበውን ታሪክ ግን ጸሐፊው አላነሱትም። እኔ ላንሳላቸው።

ሁለት ፕሮቶኖች ፊት ለፊት ሲጋጩ፣ ከግጭቱ በፊት ወደ ጎን የሚሄድ ሞመንተም (የእንቅስቃሴ መጠን) የለም። ከግጭቱ በኋላም ወደ ጎን የወጣው ሁሉ ተደምሮ ዜሮ መምጣት አለበት። አንድ ጎን ላይ ከባድ ነገር ወጥቶ ሌላኛው ጎን ባዶ ከሆነ፣ የማይታይ ነገር ይዞት ሄዷል፤ ወይም ደግሞ ዲቴክተሩ አምልጦታል። በ1983 በሰርን ደብልዩ ቦዞን የተባለው ቅንጣት የተገኘው በዚህ መንገድ ነው፦ ባንድ በኩል ኤሌክትሮን፣ በሌላ በኩል ምንም። ካርሎ ሩቢያና ሲሞን ቫን ደር ሜር በቀጣዩ ዓመት ኖቤል ተሸለሙ።

በዚያው በ1984 ዩኤ1 የተባለው የሩቢያ ሙከራ ሌላ ነገር አየ። ባንድ በኩል የቅንጣቶች ጎርፍ፣ በሌላ በኩል ባዶ። ደብልዩ አይመስልም። ብዙ ቲዎሪስቶች ተንጫጩ፤ አዲስ ፊዚክስ ነው ተባለ፤ ጽሑፍ በጽሑፍ ላይ ተጻፈ። ኋላ ላይ ሰዎች ቁጭ ብለው የሚታወቁትን መንገዶች አንድ በአንድ ደመሩ። ዚ ወደ ኒውትሪኖ ሲፈራርስ ይህን ያህል፤ ደብልዩ ታው ወደተባለው ቅንጣት ሲፈራርስ ይህን ያህል፤ በለካክ ስህተት ይህን ያህል። ሲደመር አዲስ ነገር የሚያስፈልገው ቀዳዳ አልቀረም። አረፋው ተነፈሰ።

እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር የምንለያየው እውነታው ላይ አይደለም። እሳቸው ይህን ሲሰሙ «አያችሁ?» ይላሉ። እኔ ደግሞ ስህተቱን ማን አገኘው ብዬ እጠይቃለሁ። ያገኙት ራሳቸው ሠራተኞቹ ናቸው፤ ያውም ካገኙት ይልቅ ባያገኙት የሚሸለሙበት ጊዜ ላይ።

ስለ ስህተት አደን ካነሳን አንድ ደስ የሚል ነገር ላካፍል። ሌፕ ላይ የጨረሩ ኢነርጂ ባልታወቀ ምክንያት ከፍ ዝቅ ይል ነበር። አንዱ ምክንያት ጨረቃ ሆና ተገኘች። የባሕር ውኃን የሚስበው የጨረቃ ጉልበት መሬቱንም ይስባል፤ የ27 ኪሎ ሜትሩን ዙሪያ በ1 ሚሊ ሜትር ገደማ ይለጥጠዋል። ያም በውጤቱ ላይ ይታያል። ሌላው ምክንያት በ1995 የተደረሰበት ባቡር ነው። ከጄኔቫ ወደ ፓሪስ የሚሄደው ፈጣን ባቡር ኤሌክትሪኩ ወደ መሬት እየሸሸ በማፋጠኛው ቧንቧ ላይ ያልፍና ማግኔቶቹን ያውካል። የባቡር ሰዓትና የጨረቃ አቆጣጠር ይዘው እርማት የሚያደርጉ ሰዎችን «የመሣሪያ ብልሽት አታውቁም» ማለት፣ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ ትንሽ ይከብዳል።

አሁን ደግሞ በቅርቡ የሆነውን። ሰርን ውስጥ ኤንኤ62 የሚባል ሙከራ አለ። የሚያድነው አንድ መፈራረስ ብቻ ነው፦ ካኦን የተባለው ቅንጣት ወደ አንድ ፓዮንና ሁለት ኒውትሪኖዎች ሲለወጥ። ስታንዳርድ ሞዴል የሚባለው የዛሬው ቲዎሪ ይህ ከ10 ቢሊዮን ካኦን አንድ ጊዜ እንኳ አይሞላም ይላል። የሚታየው ደግሞ አንድ ካኦን ገብቶ አንድ ፓዮን ሲወጣ ብቻ ነው። ሌላ ምንም የለም። ችግሩ፣ ካኦን ከ100 ጊዜ 63ቱን ወደ ሙዮን (የኤሌክትሮን ከባድ ዘመድ) እና ኒውትሪኖ ይፈራርሳል፤ 21ዱን ደግሞ ወደ ሁለት ፓዮኖች። ሙዮኑን ፓዮን ነው ብለህ ከተሳሳትክ፣ ወይም ሁለተኛው ፓዮን የሚሰጣቸው የብርሃን ቅንጣቶች ካመለጡህ፣ የውሸት ግኝት ይዘህ ትቀራለህ።

ስለዚህ ሙከራው ራሱ የተሠራው ጸሐፊው የጠየቁትን ጥያቄ ለመመለስ ነው ማለት ይቻላል። ርዝመቱ 270 ሜትር ያህል ነው። 400 ጊጋ ኤሌክትሮን ቮልት ኢነርጂ ያላቸው ፕሮቶኖች ቤሪሊየም ይመታሉ፤ ከዚያ የሚወጣው ጨረር ውስጥ ካኦን 6 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። እያንዳንዱ ካኦን ማንነቱ ይታወቃል፣ አቅጣጫው ይለካል፣ ሰዓቱ ከ1 ቢሊዮንኛ ሰከንድ እጅግ ባነሰ ጥራት ይያዛል። ከዚያ አየር ወደሌለበት ረጅም ቧንቧ ይገባል። የሚወጣው ፓዮን በቀጫጭን ቱቦዎች ውስጥ መንገዱ ይመዘገባል፤ በኒዮን ጋዝ የተሞላ ታንክ ውስጥ ሲያልፍ በሚሰጠው የብርሃን ቀለበት ሙዮን አለመሆኑ ይፈተሻል። ቧንቧውን ዙሪያውን የከበቡት 12 የጥበቃ ጣቢያዎች ደግሞ የሚያመልጥ ብርሃን ካለ ይይዛሉ። ጣቢያዎቹ የተሠሩበት የእርሳስ መስታወት ከድሮው የሌፕ ዲቴክተር፣ ከኦፓል፣ የተነቀለ ነው። (ስለ ብክነት ያነሱት ነጥብ ጋ ስንደርስ ይህችን አስታውሱልኝ።)

ሌላም ነገር አለ። ተመራማሪዎቹ ግኝቱ ይኖርበታል የሚሉትን የዳታ ክፍል አስቀድመው ይዘጉታል። አስመሳዩ (የሚፈለገውን መፈራረስ የሚመስል ሌላ ክስተት) ስንት እንደሚሆን ከሌላው ዳታ ገምተው፣ ደንቡን ሁሉ ጨርሰው ከተስማሙ በኋላ ነው የሚከፍቱት። አይቶ መመኘት፣ ተመኝቶ መቁረጥ የለም። ከ2016 እስከ 2022 በተሰበሰበው ዳታ ሲከፈት 51 ክስተት ተገኘ። ከእነሱ 18ቱ ገደማ አስመሳይ እንደሚሆኑ ተገምቶ ነበር። ውጤቱ በሴፕቴምበር 2024 ተገለጸ፦ ከ10 ቢሊዮን ካኦን 1.3። መፈራረሱ መኖሩ ከአምስት ሲግማ በላይ ተረጋገጠ (ሲግማ አንድ ውጤት በአጋጣሚ ብቻ ከሚጠበቀው ምን ያህል እንደራቀ የሚለካ ነው)። ቁጥሩ ከቲዎሪው ግምት ከፍ ይላል፤ ግን የስህተት ወሰኑ ሰፊ ስለሆነ አዲስ ፊዚክስ አያስብልም። እነሱም አላሉም።

ጃፓን ውስጥ ያለው ኮቶ የተባለ ሙከራ ደግሞ ቻርጅ የሌለውን ካኦን ይዞ ተመሳሳይ አደን ያካሂዳል። የእሱ ይብሳል፤ የሚገባውም አይታይም፣ ከሚወጣውም የሚታየው ሁለት የብርሃን ቅንጣት ብቻ ነው። በ2019 ያልተጠበቁ ክስተቶች አሳይቶ ብዙ ወሬ ተነሳ። ከዚያ ቡድኑ ራሱ ሲመረምር ያላሰባቸው አስመሳዮች አገኘ። በ2021 ባሳተመው ጽሑፍ 3 ክስተት ቀሩ፤ ከአስመሳይ ብቻ የሚጠበቀው 1.22 ነበር። ግኝት የለም ብሎ ዘጋው።

ሦስተኛው ክስ፣ ምንም አልተገኘም የሚለው ነው። አንድ ነገር በግልጽ ልበል፦ ከስታንዳርድ ሞዴል ውጭ የሆነ የማይታይ መፈራረስ እስከ ዛሬ አልተረጋገጠም። እዚህ ላይ ጸሐፊው ልክ ናቸው። ዩቲዩብ ላይ በየሳምንቱ «ሳይንቲስቶች አምስተኛው ኃይል አገኙ» እያለ የሚጮኸውን ሁሉ አትመኑ። እሳቸው የተናደዱት በእነዚህ ርዕሶች ከሆነ አብሬያቸው ነኝ።

«አልተገኘም» ሲባል ግን ባዶ እጅ ማለት አይደለም። ሂግስ ቦዞን የተባለውን ቅንጣት ውሰዱ። በ2012 ተገኘ። በቲዎሪው መሠረት ወደማይታይ የሚፈራርሰው ከ1,000 አንድ ጊዜ ያህል ብቻ ነው፤ ያውም ወደ አራት ኒውትሪኖ። በሌላ በኩል ዩኒቨርሱ ውስጥ ከሚታየው ቁስ አምስት እጥፍ የሚሆን ጥቁር ቁስ አለ፤ ጋላክሲዎች የሚዞሩበት ፍጥነት ያለ እሱ አይገባም። ያ ጥቁር ቁስ ከሂግስ ጋር ቢገናኝና የቅንጣቱ ክብደት ከሂግስ ግማሽ ቢያንስ፣ ሂግስ ወደ እሱ እየፈራረሰ በብዛት ይሰወር ነበር። አትላስ የተባለው ሙከራ ሲለካ ይህ ከ11 በመቶ አይበልጥም አለ፤ ሲኤምኤስ ደግሞ ከ15 በመቶ አይበልጥም አለ። ሁለቱም በ95 በመቶ እርግጠኝነት። በዚህ ቁጥር ብቻ በወረቀት ላይ ቆንጆ የነበሩ ስንትና ስንት ቲዎሪዎች ተሰርዘዋል።

ኤንኤ64 የተባለው ሌላ የሰርን ሙከራ ወደ አንድ ትሪሊዮን የሚጠጋ ኤሌክትሮን ወደ ዲቴክተሩ ተኩሶ፣ ኢነርጂውን ይዞ የሚሰወር «ጥቁር ፎቶን» ካለ ብሎ ፈለገ። ያገኘው ዜሮ ነው። ዜሮዋ ግን የተወሰነ ክብደትና የተወሰነ ጉልበት ያለው ጥቁር ፎቶን የለም የምትል ዜሮ ናት። ጸሐፊው መሐንዲስ ናቸው። ድልድዩ በ40 ቶን አልተሰነጠቀም የሚል የፈተና ውጤት ቢደርሳቸው «ምንም አልተገኘም» ብለው ቅርጫት ውስጥ አይጥሉትም።

ከሁሉ የምወደው የኒውትሮኑ ታሪክ ነው። ከኒውክለስ የወጣ ኒውትሮን 15 ደቂቃ ገደማ ኖሮ ይፈራርሳል። ዕቃ ውስጥ ዘግተው የቀረውን ሲቆጥሩ ዕድሜው ወደ 878 ሰከንድ ይመጣል። በጨረር መልክ እያሳለፉ የሚወጣውን ፕሮቶን ሲቆጥሩ ደግሞ ወደ 888። በ2018 ሁለት ቲዎሪስቶች፣ ባርቶሽ ፎርናልና ቤንጃሚን ግሪንስታይን፣ ከኒውትሮኖቹ 1 በመቶ ያህሉ ወደማይታይ ነገር ቢፈራርሱስ አሉ። ዕቃው ውስጥ ይጎድላሉ፣ ፕሮቶን ግን አይሰጡም። ልዩነቱ ግጥም ይላል። የሚያምር ሐሳብ! ወዲያው ሎስ አላሞስ ያሉ ሰዎች አብሮ ሊወጣ የሚገባውን ጋማ ጨረር ፈለጉ፤ አጡ። ሌሎች ደግሞ ኒውትሮን እንደዚያ የሚፈራርስ ቢሆን ከፀሐይ ሁለት እጥፍ የሚከብዱት የኒውትሮን ኮከቦች መቆም አይችሉም ነበር አሉ። ሐሳቡ ጨርሶ ባይሞትም ክፉኛ ቆሰለ። ጥንቆላ እንደዚህ በጥቂት ወር ውስጥ ሲፈተሽ አይቼ አላውቅም።

ለሚዛን ያህል ገና ያልተዘጋውንም ልጥቀስ። ጃፓን ያለው ቤል ሁለት የተባለ ሙከራ በ2023 ቢ ሜሶን የተባለው ቅንጣት ወደ ካኦንና ሁለት ኒውትሪኖ ሲፈራርስ የመጀመሪያውን ምልክት አየ። ቁጥሩ ከቲዎሪው አራት እጥፍ ገደማ ነው፤ ልዩነቱ ግን 2.7 ሲግማ ብቻ። የኔ ግምት ዳታ ሲጨመር ቁጥሩ ይወርዳል የሚል ነው። ብሸነፍ ደስ ይለኛል።

ስለ ገንዘቡ ብዙ አልልም። የሰርን ዓመታዊ በጀት ከ1 ቢሊዮን የስዊስ ፍራንክ ይበልጣል። የሚከፍሉት አባል አገሮች ናቸው፤ ኢትዮጵያ አባል አይደለችም። ስለዚህ ከአዳማ ግብር ከፋይ ኪስ የወጣ ነገር የለም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሲደርስ «ዌብ የተፈጠረው እኮ ሰርን ነው» ይላል። እውነት ነው፤ በ1989 እዚያ ታሰበ፣ በ1993 ለዓለም በነፃ ተለቀቀ። እኔ ግን ይህን መከራከሪያ አልወደውም። የካኦንን መፈራረስ መለካት ዌብ ስለተገኘ አይጸድቅም። ወይ በራሱ ዋጋ አለው ወይ የለውም። አለው ባይ ነኝ። ብክነት የሚለውን በተመለከተ ደግሞ የኦፓልን መስታወት አስታውሱ።

የመጨረሻው ክስ ያስከፋኛል። እኛን አይመለከተንም፤ የአዳማ ልጅ የፀሐይ ፓኔል መግጠም ይማር እንጂ ስለ ሂግስ ምን አገባው ይላሉ። ፓኔል መግጠም ይማር፤ ማን ከለከለ? ግን አንዱን ለመማር ሌላውን እርም ማለት ለምን አስፈለገ? ሞሮኮና ደቡብ አፍሪካ አትላስ ውስጥ አሉ። ግብፅ ሲኤምኤስ ውስጥ አለች። ከ2010 ጀምሮ በተለያዩ የአፍሪካ አገሮች እየዞረ የሚሰጥ የፊዚክስ ትምህርት ቤት አለ። እዚሁ ከተማችን ውስጥ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ፊዚክስም ያስተምራል።

ደግሞ ዳታው ክፍት ነው። አትላስ በ2020 ለትምህርት ብሎ የለቀቀውን የግጭት ዳታ ማንም አውርዶ መሥራት ይችላል። ከተማሪዎቼ አንዷ በወንድሟ ላፕቶፕ ሞክራዋለች። ኔቱ እየተቆራረጠ፣ መብራት እየጠፋ ነው ያወረደችው፤ ጸሐፊው ስለዚህ ያነሱት ምሬት እውነት ነው። ዚ ቦዞን ወደ ሁለት ሙዮን የፈራረሰባቸውን ግጭቶች ለየች። እዚያ ውስጥ ኒውትሪኖ የለም፤ ወደ ጎን የጎደለ ነገርም መኖር የለበትም። ግራፉን ስትሠራው ግን ዜሮ ላይ አልቆመም፤ ወደ ቀኝ ጉብ ብሎ ረጅም ጅራት አለው። ላፕቶፑን ወደ እኔ አዙራ «ቲቸር፣ ምንም ካልጎደለ ይሄ ከየት መጣ?» አለችኝ። የለካክ ስህተት ነው፤ የቅንጣቶቹ ጎርፍ ኢነርጂ ሲለካ ትንሽ ይዛነፋል፤ መዛነፉ ሲደማመር የጎደለ ይመስላል። ታዲያ እውነተኛውን ከዚህ እንዴት እንለየው ብላ ጠየቀች። ከዚያ በኋላ ስለ ሲግማ ለማስረዳት አልተቸገርኩም። ያቺ ልጅ ነገ ባንክ ብትቀጠር፣ ቴሌ ብትቀጠር፣ ወይም ጸሐፊው እንዳሉት ፓኔል ብትገጥም፣ ቁጥር ሲያታልል ታውቃለች። የጸሐፊውን ሁለተኛ ክስ ያነሳችው ደግሞ ጽሑፋቸው ከመውጣቱ በፊት ነው።

አንድ ትንሽ ነገር ቀርታኛለች። ጸሐፊው ከጽሑፋቸው ጋር ለጥፈው «የሰርን የማይታይ ማሽን» ያሉት ፎቶ የሰርን አይደለም። ወርቃማ አምፖል የሚመስሉ ነገሮች በግድግዳው ላይ የተደረደሩበት፣ ሰዎች በጀልባ የሚንሳፈፉበት ያ ትልቅ ታንክ ሱፐር ካሚዮካንዴ ነው። ጃፓን ውስጥ፣ ከተራራ ሥር 1,000 ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ ይገኛል። 50,000 ቶን ውኃ ይይዛል። ከ11,000 በላይ የሆኑት እነዚያ «አምፖሎች» ብርሃን የሚሰጡ ሳይሆኑ ብርሃን የሚይዙ ናቸው። የሚጠብቁት ደግሞ ኒውትሪኖ ውኃውን ስትመታ የምትወጣዋን ብልጭታ ነው። እዚያ በ1998 በተገኘው ውጤት ታካኪ ካጂታ በ2015 ኖቤል ተሸልመዋል። ፎቶውን አያንሱት፤ ያምራል። ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ ብቻ ቢያስተካክሉት።